«አስታማሚ ውጡ!» ለምትሉን፦ ግልጽ ደብዳቤ ከደሴ

ይድረስ በደሴና በኮምቦልቻ ተማሪ ተቀብላችሁ ለምታስተምሩ ሆስፒታሎች ኃላፊዎች፣ ለሐኪም መምህራን፣ ለነርስ አስተማሪዎች፣ ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ በየአልጋው ለምትዞሩ ልጆቻችንም

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ፒያሳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ ሕክምና የማውቀው ትንሽ ነው። ስለ ማስታመም ግን አውቃለሁ ብል አላፍርም። ባለፈው ክረምት እናቴን ሃያ ሁለት ቀን አስታመምናት። እኔ ቀን ቀን፣ ከኩታበር የመጣችው አክስቴ ሌሊት ሌሊት። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልጽፍም። ስም ከጠራሁ ነገሩ የአንድ ቤት ጉድ ይመስላል። ኮሪደር ላይ አብረውኝ ከቆሙት መካከል ሌላ ጊዜ ሌላ ቦታ ያስታመሙ ነበሩ። «እዚያም ያው ነው» ነው ያሉኝ።

ስለ ጠዋቱ ልንገራችሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጥበቃው በሩ ላይ ይቆማል። «አስታማሚ ውጡ! ራውንድ ነው! ውጡ፣ ውጡ!» ይላል። ራውንድ ማለት ሐኪሞቹ በየአልጋው እየዞሩ በሽተኛ የሚያዩበት ሰዓት ነው። ፔርሙዙን፣ ፌስታሉን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሌሊት የተኛንበትን ካርቶን ሳይቀር ሰብስበን እንወጣለን። የደሴን የክረምት ጠዋት ታውቁታላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ግቢ ውስጥ ይገባል። ነጠላችንን ተከናንበን ግድግዳ ተደግፈን እንቆማለን። እናንተ የምትገቡት በዚያች ሰዓት ነው። ሲኒየሩ (ዋናው ሐኪም) ከፊት፣ ኢንተርኖቹ (ትምህርታቸውን ሊጨርሱ የደረሱት ተለማማጅ ሐኪሞች) ከጎን፣ ከኋላ ስድስት ሰባት የሕክምና ተማሪ። አንዳንድ ቀን የነርስ ተማሪዎች ይጨመራሉ፣ አንዳንድ ቀን የፋርማሲ። እናቴን የሚያክሟት ሰዎች በሙሉ አልጋዋ ዙሪያ የሚሰበሰቡት በቀን አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ለአሥር ደቂቃ ነው። እኛ ደግሞ ልክ በዚያች አሥር ደቂቃ የለንም።

እናቴ ስትሮክ ነው የመታት። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ አንደበቷ ተያዘ። ስለ ራሷ አንድ ቃል መናገር አትችልም። ስለ እሷ የሚናገርላት ሰው ውጭ ቆሟል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በራውንዱ ላይ አንድ ነገር ተወሰነ፤ በአፏ ምንም እንዳይሰጣት። ምክንያቱን አሁን አውቀዋለሁ። ስትሮክ አንዳንድ ሰው ላይ መዋጥን ያበላሻል። ወደ ሆድ መውረድ የነበረበት ነገር ወደ ሳንባ ይሄዳል። ስለዚህ በሽተኛው በደንብ መዋጥ መቻሉ እስኪታይ ድረስ ውሃም ቢሆን በአፉ አይሰጠውም። ምግቡ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ተብራራ። ተማሪዎቹ ጻፉ። ከአልጋዋ ራስጌ በፈረንጅ ፊደል ሦስት ሆሄ የተጻፈበት ወረቀት ተለጠፈ፤ «ኤንፒኦ» ተብሎ ይነበባል። ቡድኑ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ስንመለስ ወረቀቱን አየነው። የአልጋ ቁጥር መሰለን።

ማታ አክስቴ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ መጣች። «ሦስት ቀን ሙሉ እህል ያልቀመሰ ሰው በምን ጉልበቱ ይድናል?» አለች። በማንኪያ ሰጠቻት። እናቴ ሁለቱን ወሰደች፤ በሦስተኛው ሳል ያዛት። ሳሉ አላቆም አለ። በማግስቱ አተኮሳት። የሳንባ ምች ተባለ። እንግዲህ ሃያ ሁለት ቀን የተኛነው ለዚህ ነው።

«አጥሚቱ ነው ያመጣው» ብዬ አልምልም። መዋጥ የተቸገረ ሰው የገዛ ምራቁም ወደ ሳንባው ሊገባ እንደሚችል አንዱ ኢንተርን በኋላ ነግሮኛል። ያን ቀን ግን አንዲት የነርስ ተማሪ መጣችና «ማን አብሉ አላችሁ?» ብላ ተቆጣች። አክስቴም «ማን አታብሉ አለን?» አለቻት። ልጅቷ ዝም አለች። ምን ትበል? እሷም በጠዋቱ አልነበረችም።

ከወዲሁ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ተማሪ በሽተኛ አይንካ የምል ሰው አይደለሁም። እኔም ተለማማጅ አሠለጥናለሁ። ሰው ጋዜጣ እየቆረጠ ብቻ ሰፊ አይሆንም፤ አንድ ቀን እውነተኛ ጨርቅ ፊቱ መዘርጋት አለበት። ደሴ የጤና ተማሪ ከተማ ናት። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት እዚህ ነው። የመንግሥቱ ጤና ሳይንስ ኮሌጅም፣ የግሎቹም እዚሁ አሉ። ነገ የወረኢሉን ጤና ጣቢያ የሚይዙት እነዚህ ልጆች ናቸው። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፤ ሌሊት ስንጣራ ቀድሞ የሚደርሰው ኢንተርኑ ነው። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስብን በደሴም በኮምቦልቻም የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ እንዴት ባለ ጉድለት ውስጥ ስትሠሩ እንደነበር ከተማው ያውቃል። ዛሬ የምጠይቃችሁ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም።

በእኔ ቤት ግን አንድ ሕግ አለ። ልክ ሲወሰድ የልብሱ ባለቤት ይቆማል። ተለማማጇ ብትሳሳት እንኳ «እዚህ ጋ ይጠበኛል» የሚል ሰው አለ። ባለቤቱን አስወጥቶ ልክ የሚወስድ ሰፊ አላየሁም።

አሁን ወደ ማታው ልምጣ። ማታ ሌላ ዓለም ነው። ተማሪዎቹ ደብተር ይዘው አንድ በአንድ ይመጣሉ። ያን ጊዜ ውጡ የሚለን የለም፤ እንዲያውም ይፈልጉናል። «እናቴ፣ ስንት ዓመቷ ነው? ስኳር አለባት? ግፊት አለባት? መቼ ጀመራት? ስትወድቅ ማን ነበረ?» ሕመሟን ከሥሩ ጀምረን እንናገራለን። ነገ ሌላው ይመጣል፤ ያንኑ ይጠይቃል። ከነገ ወዲያ የነርሷ ተማሪ፤ ያንኑ። አክስቴ አንድ ማታ «ልጄ፣ ትናንት ለጓደኛህ ነግሬዋለሁ እኮ፣ አትገናኙም?» አለችው። ሳቀ። አለመገናኘታቸውን ግን አልካደም።

ጠዋት ሲሆን ማታ ከእኛ የወሰዱትን ታሪክ ለሲኒየሩ ያነቡለታል። ታሪኩን የሰጠነው እኛ ነን። ሲነበብ ውጭ ነን። ተሳስቶ ቢነበብስ ማን ያርም?

ተሳስቶም ነበር። ያሳሳትኩት ደግሞ እኔ ነኝ። «የግፊት መድኃኒቷን በአግባቡ ትወስዳለች?» ሲሉኝ «አዎ፣ አንድ ቀን አታቋርጥም» ብያለሁ። ለእኔ እንደዚያ ስለምትለኝ ነዋ። አክስቴ ግን ለሌላ ተማሪ እውነቱን ነግራዋለች። እናቴ ሐምሌ ላይ ኩታበር ስትከርም «አሁን ደህና ነኝ፣ ነጭ ሽንኩርት ይበቃኛል» ብላ ትታዋለች። የእኔ ቃል በአንዱ ደብተር ገባ፣ የአክስቴ በሌላው። በራውንዱ የተነበበው የእኔ ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ መድኃኒት እየወሰደች ግፊቷ እንዲህ የጨመረው ለምን ይሆን እያሉ ሌላ ምክንያት ፍለጋ ገቡ። ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ወጪ።

ነገሩን ያወጣው የፋርማሲ ተማሪ ነው። ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ልጅ። «ከቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል አምጡልኝ» አለ። አመጣሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ዘርግቶ ክኒኑን ቆጠረ። ከሠላሳው ሃያ ስድስቱ አለ። ቀና ብሎ እኔንም አክስቴንም አየና «ማን ነው አብሯት የሚኖረው?» አለ። ያን ጊዜ ነው እኔና አክስቴ ፊት ለፊት ተያይተን ነገሩ የተገለጠልን። የተለያየ ነገር ስንናገር እንደከረምን ሁለታችንም አላወቅንም ነበር። ያ ልጅ ያደረገው ነገር ከባድ አይደለም። ዕቃውን፣ በሽተኛዋንና ሁለቱን አስታማሚ በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ አገናኘ። በቃ። ይህ ግን በአሥራ አራተኛው ቀን ነው።

ከእሱ ሌላ አንዲት ልጅ አለች፣ ሳላነሳት ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። አራተኛ ዓመት የነርስ ተማሪ ናት። እናቴ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባት በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለባት። ይህን ሌሎችም ነግረውናል፤ «በየሁለት ሰዓቱ አገላብጧት» ብለው ሄደዋል። ይህች ልጅ ግን አክስቴ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከአስታማሚ ካርቶን ላይ ቆርጣ በአንድ በኩል በር፣ በሌላ በኩል መስኮት ሣለችበት። ወደ በሩ ስትዞር አንድ ጭረት በበሩ በኩል፣ ወደ መስኮቱ ስትዞር አንድ ጭረት በመስኮቱ በኩል። ከዚያ እጇን ይዛ አሳየቻት፤ ትራሱ የት እንደሚገባ፣ ተረከዟ አልጋውን እንዳይነካ፣ የታመመው እጅ ተይዞ እንደማይጎተት። መጨረሻ ላይ ያለችው ነው የገረመኝ። «እስቲ አሁን እርስዎ ለእኔ ያስተምሩኝ። እኔ አስታማሚ ነኝ፣ እርስዎ ሲስተር።» አክስቴ እየሳቀች አስተማረቻት። አንድ ቦታ ላይ ተሳሳተች፤ ልጅቷ አስተካከለች። መልሶ ማስነገር በጤና ትምህርት የታወቀ ዘዴ እንደሆነ ኋላ ሰማሁ። እናቴ ሃያ ሁለት ቀን ተኝታ አንድ ቁስል ሳይወጣባት ወጣች።

እንግዲህ ልዩነቱን እዩት። «አብሉ ማን አላችሁ?» ያለችውም፣ ካርቶን የሣለችውም የአንድ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። አንዷ ጎበዝ ሌላዋ ሰነፍ ስለሆነች አይመስለኝም። ለቤተሰብ ማስረዳት የማንም ሥራ ሆኖ ስላልተሰጠ ነው። ያደረገችው ከልቧ ነው። ያላደረገችውን የሚጠይቃት የለም፤ ፈተና ላይም አይመጣ!

አጠገባችን ከወግዲ የመጣ አባት ነበር። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው፤ ስኳር ተገኝቶበት ኢንሱሊን ተጀመረለት። የሚወጡ ዕለት አንድ ተማሪ «ያልተከፈተውን ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ» ብሎ በትሕትና ነገረው። አባትየው «እሺ ዶክተር» አለ። የእኛ አገር ሰው ለነጭ ጋዋን እሺ ነው የሚለው። ኮሪደር ላይ ሲደርስ «ፍሪጅ ስንት ብር ነው?» አለኝ። ቤቱ መብራት የለም። ልጇ ለዓመታት ኢንሱሊን የምትወጋ ሌላ አስታማሚ ሰምታ ወደ ጎን ሳበችው። አንድ ማሰሮ ሌላ ትልቅ ገንቦ ውስጥ አስገብቶ በመካከሉ አሸዋ መሙላት፣ አሸዋውን በየቀኑ ውሃ ማጠጣት፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ ማስቀመጥ። ኢንሱሊኑ ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ይህ የታወቀ መላ ነው። ተማሪው ያስተማረው ልክ ነበር። «ቤታችሁ ምን አለ?» ብሎ ግን አልጠየቀም። ያቺ ሴት ባትኖርስ?

የተለያየ ሙያ ተማሪዎች አብረው በአንድ በሽተኛ ላይ ሲማሩ «ተቀናጅቶ መማር» ነው የምትሉት አይደል? በቡድን መማር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሱንና ሳኒታሪያኑን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን) አንድ ላይ ጤና ጣቢያ አውርዶ ነበር የሚያሠለጥን። ጅማም በኋላ የተለያየ ሙያ ተማሪዎችን በአንድ ቡድን ወደ ገጠር የመላክ ልማድ ተክላለች። እነዚያ ተማሪዎች ቤት ለቤት ይዞራሉ። እናትየዋን ምድጃዋ አጠገብ ያነጋግራሉ፤ ውሃ ከየት እንደምትቀዳ ይጠይቃሉ። እዚያ ማንም «ቤተሰብ ይውጣ» አይልም፤ ቤቱ የቤተሰቡ ነዋ። ከሩቅ ምሳሌ ከተፈለገም ስዊድን ውስጥ ሊንሾፒንግ በምትባል ከተማ በ1996 እ.ኤ.አ. የሕክምና፣ የነርስና የሌላ ሙያ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው፣ አስተማሪዎቻቸው እየተቆጣጠሩ አንድ ዋርድ (በሽተኞች የሚተኙበትን ክፍል) የሚያንቀሳቅሱበት አሠራር ተጀምሯል። የፈረንጁን ዋርድ አምጡልን አላልኩም። ገጠር ስትወርዱ የምታውቁትን ነገር ዋርድ በር ላይ ለምን ትጥሉታላችሁ ነው ጥያቄዬ።

ግድግዳችሁ ላይ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ» የሚል ተለጥፏል። ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። ጥሩ ቃል ነው። እሱ በአማርኛ ተጽፏል። «በአፏ ምንም አትስጧት» የሚለው ግን በእንግሊዝኛ።

አሁን የእናንተን መልስ ልሞክረው፤ ሰምቼዋለሁና።

«ቦታው ጠባብ ነው፣ አስታማሚው ብዙ ነው» ትላላችሁ። እውነት ነው። እኛ ወሎዬዎች ለአንድ በሽተኛ ሰባት ሆነን እንመጣለን፤ ጠያቂው ደግሞ ለብቻው። አንድ ሰው ብቻ ይቅር። ማን እንደሚቀር በሽተኛው ይምረጥ፤ መናገር ካልቻለ ቤተሰቡ ይስማማ። ስሙ ካርዱ ላይ ይጻፍ።

«ሌላው በሽተኛ ተገላልጦ ይታያል» ትላላችሁ። ይህ ከሁሉ የከበደው ምክንያት ነው። ስምንት አልጋ ባለበት ክፍል የእኔ እናት ስትመረመር የጎረቤት አልጋ ወንድ ልጅ ባያይ ደስ ይለኛል። እንግዲያው ሁላችንም ውጭ እንቁም፤ ቡድኑ አልጋው ጋ ሲደርስ የዚያ አልጋ አስታማሚ ይጠራ። ገላ የሚመረመረው አስቀድሞ ተመርምሮ ይለቅ። መጋረጃም ይኑር።

«ምስጢር አለ» ትላላችሁ። ይህንንም ትክክል ነው እላለሁ። በሽተኛ ለባሏ፣ ለእናቷ፣ ለወንድሟ እንዲሰማ የማትፈልገው ነገር ሊኖራት ይችላል። ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ደረሰባት ጥቃት። አስታማሚ ሁሉ መልካም ነው ብዬ አልዋሽም። ከኮምቦልቻ የመጣች አንዲት ልጅ ባሏ እያለ ለጥያቄ ሁሉ እሱን እያየች ነበር የምትመልሰው። ስለዚህ መጀመሪያ በሽተኛዋን ለብቻዋ ጠይቋት፤ «ማን ይስማልሽ? ምን አይነገር?» ብላችሁ። ከአፋር፣ ከከሚሴ የሚመጣና አማርኛ የማይናገር ስታገኙ ደግሞ ነገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሚያስተረጉመው አስታማሚው ራሱ ነውና። እዚያ ላይ ቋንቋውን የሚችል ተማሪ ከመካከላችሁ አይጠፋም፤ እሱን ጥሩት። ምስጢር መጠበቅ አስታማሚን በጅምላ ማባረር አይደለም፤ ጅምላው ለጥበቃው ነው የሚቀለው።

«ተማሪው ቤተሰብ ፊት ሲጠየቅ ይሸማቀቃል፣ ቤተሰቡም እምነት ያጣል» ያለኝ መምህር አለ። በደንብ ያልገባኝ ይህኛው ነው። ፈተናውን ኮሪደር ላይ በእንግሊዝኛ ጨርሱት። ከዚያ ግቡና ከተማሪዎቹ አንዱ በአማርኛ ሦስት ነገር ይንገረን፤ ምን እንዳገኛችሁ፣ ዛሬ ምን እንደምታደርጉ፣ እኛ ምን እንደምናደርግ። ሲኒየሩ ይስማ። ከተሳሳተ እዚያው ያርም። እኛ እምነት የምናጣው ተማሪ ሲታረም አይደለም፤ ማን ተማሪ ማን ሐኪም እንደሆነ ሳናውቅ ሃያ ሁለት ቀን «ዶክተር፣ ዶክተር» ስንል ስንከርም ነው። «ተማሪ ነኝ፣ ስሜ እገሌ ነው፣ ከዶክተር እገሌ ጋር ነው የምሠራው» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልጨምር፤ ከደብዳቤው ትንሽ ይወጣል። መስኮት ዳር ያሉት አባት ባረፉ ዕለት አንድ ኢንተርን ልጃቸውን ኮሪደር ላይ አገኘውና እዚያው እንደቆመ ነገረው። ልጁ በእጁ የምሳ ዕቃ ይዟል። ኢንተርኑ ክፉ አልነበረም፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለእሱም መጀመሪያው ይመስለኛል። በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ይታወቃል። በማለዳ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ሰውየው ተቀምጦ። ሆስፒታል እስኪነጋ ይጠብቅ አልልም፤ አይችልም። «ከማን ጋር ነህ? ና እስቲ እዚህ ቁጭ በል፣ ታላቅ ወንድምህን ጥራው» ማለት ግን ይቻላል። ያን ልጅ ለብቻው መርዶ አርጂ አድርጎ የላከው ማን ነው? ሲኒየሩ አጠገቡ ቢቆም ሁለቱንም ልጆች ባዳነ ነበር፤ የሚያለቅሰውንም የሚያረዳውንም።

ስለ ተማሪዎች መቀያየርም አንድ ነገር ልበል። በሃያ ሁለት ቀን ውስጥ ሁለት ቡድን መጥቶ ሄዷል። አንዱ ዙሩን ጨርሶ ወደ ሌላ ክፍል ሲያልፍ አዲሱ ከዜሮ ጀመረ። ቻርቱ ቁልቁል ሲገለበጥ አየዋለሁ። እናቴ በየትኛው ቀን ጣቷን እንዳንቀሳቀሰች፣ የትኛውን መርፌ ስትወጋ እንዳሳከካት፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምታስል የምታውቀው አክስቴ ናት። ማንበብ አትችልም፤ አትረሳም ግን። ቡድን ሲቀየር ነባሩ ለአዲሱ አስታማሚዋንም አብሮ ቢያስረክብስ? «ይህች የሌሊቷ አስታማሚ ናት፣ እሷን ጠይቁ» ቢል።

ደሴ ንጉሥ ሚካኤል አዳራሻቸውን «አይጠየፍ» ብለው የሰየሙባት ከተማ ናት። ሁሉም እንዲገባበት ነው ይባላል። አክስቴ ያን ጠዋት ጥበቃው በክንዱ ገፋ ሲያደርጋት «እኔ እኮ ከብት አይደለሁም» ያለችው አዳራሹ ካለበት ኮረብታ ብዙም ሳይርቅ ነው። ጥበቃውንም አልወቅስም፤ የታዘዘውን ነው።

የምለምናችሁ እንግዲህ ይህንን ነው። ከነገ ጀምሮ በሁሉም ዋርድ አድርጉት አልልም። አንድ ዋርድ ምረጡ፤ አንድ የተማሪ ቡድን፣ አንድ ወር። በራውንድ ሰዓት አንድ አስታማሚ አልጋው አጠገብ ይቁም። ለእያንዳንዱ አልጋ ለቤተሰቡ የሚያስረዳ አንድ ተማሪ ይመደብ፤ የሕክምና፣ የነርስና የፋርማሲ ተማሪዎች ታሪኩን አብረው አንድ ጊዜ ይውሰዱ። ራስጌ ላይ የሚለጠፈው በአማርኛ ይሁን፤ ማንበብ ለማይችል ሥዕል ይደረግበት፤ ማንኪያና ጭረት ይበቃል። መምህሩም ተማሪውን ሲመዝን አንድ ጥያቄ አስታማሚዋን ይጠይቃት፤ «ዛሬ ምን ነገረሽ?» ብሎ። መልሷ ነጥብ ይኑረው። ነጥብ ያለው ነገር እንዴት እንደሚጠና እናንተ ከእኔ ታውቃላችሁ።

እናቴ አሁን ቤት ናት። በከዘራ ትራመዳለች። ንግግሯ ይጎተታል፤ ስትናደድ ግን ጥርት ይላል። ክኒኗን በየማታው ፊቴ ነው የምትወስደው። ካርቶኑ የልብስ ስፌት ክፍሌ ግድግዳ ላይ አለ፤ በበሩ በኩልና በመስኮቱ በኩል ያለው ጭረት አሁንም ይቆጠራል።

ስለ መጋረጃው ደግሞ አትጨነቁ። የመጀመሪያውን ዋርድ መጋረጃ እኔ በነጻ እሰፋለሁ። ጨርቁንና ሽቦውን እናንተ ታቀርባላችሁ። ልኩን ለመውሰድ ግን ክፍሉ ውስጥ መግባት አለብኝ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይመቸኛል።

ከአክብሮት ጋር
የደሴ ልብስ ሰፊ፣ የአንዲት በሽተኛ አስታማሚ